ጉም የሚወድ ሌባ

ሌባው አራት አምፖል ሰርቆ ሬዲዮኑን ትቶት ሄደ።

ይኼን ሲሰማ ፖሊስ ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። ባትሪው አለ፣ ትርፍ ጎማው አለ፣ ሬዲዮኑም ቦታው ላይ ተገትሯል። ከአሮጌው ሚኒቫን የጠፋው የኋላ አምፖል ብቻ ነው። "ይኼማ ሌባ አይደለም፣ የእሳት ራት ነው!" አለ ተረኛው ፖሊስ። ኢንስፔክተሩም ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አመልካቹን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

አመልካቹ ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል።

"ልጄ፣ ሊገድሉኝ ነው" አሉ።

ሰውዬው የተማሪ ሰርቪስ ሾፌር ናቸው፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው "ጋሽ ኤሊ" በሚል ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሚያመላልሷቸው ልጆች ናቸው፣ ቀስ ብለው ስለሚነዱ። ቢሰሙም አይቆጡም። "ኤሊ ማንን ገጭታ ታውቃለች?" ይላሉ፣ በቃ።

"አሁን ሦስተኛው ነው" አሉ ጋሽ ኤሊ። "ጠዋት ልነሳ ስል የፍሬን መብራት የለም። የፍሬን መብራት በሌለው መኪና ልጆች ጭኜ ብወጣ፣ አንዱ ከባድ መኪና ከኋላ መጥቶ ይጨፈልቀናል። ይኼ ስርቆት ነው እንዴ? ግድያ ነው እንጂ!"

"ታዲያ እስካሁን እንዴት ተረፉ?"

"በሚስቴ ነዋ! እኔ መሪው ላይ ቁጭ ብዬ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እሷ ከኋላ ቆማ ታያለች። 'በራ?' እላታለሁ። 'በራ!' ትለኛለች። ከዚያ እነዳለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነን። እሷ በራ ካላለች ማርሽ አልነካም።" ድምፃቸው ወረደ። "ወላጆቹ ግን ሰልችቷቸዋል። ዛሬም ቀረሁባቸው። አንድ ጠዋት ከደገምኩ ልጆቹን ለጡሩምባ ሊሰጡት ነው። ልጆቹ ከሄዱ እኔ ምን ልሆን ነው? ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዝንብ ላባርር?"

"ጡሩምባ ደግሞ ማነው?"

"ሌላ የሰርቪስ ሾፌር። የሰው መኪና ነው የሚነዳው። ከኋላዬ አይጠፋም፣ ክላክሱን ትራስ አድርጎ የሚተኛ ነው የሚመስለኝ!"

ኢንስፔክተሩ ኮንስታብሏን ዞር ብሎ አያት። አብራው የምትሠራ ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንደ ጭልፊት፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የባሰ። የማመልከቻውን ወረቀት ዘረጋችለት።

"አንቺ አንብቢው፣ እኔ እያሰብኩ ነው" አላት።

እውነቱን ለመናገር እያሰበ አልነበረም። ፊደሉ ጉንዳን ሆኖበት ነው። መነጽር ተገዝቶለታል፣ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ግን ማድረግ ማርጀት መስሎ ስለታየው ከእናቱና ከመነጽር ሻጩ በቀር ዓይኑ ላይ ያየው የለም።

*

የጋሽ ኤሊ ግቢ ጠባብ ነው። ሚኒቫኑ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፣ የጠዋቱ ጉም ገና አልለቀቀውም። ኮንስታብሏ ከኋላው ተንበረከከች። ኢንስፔክተሩም ተንበረከከ፣ ምንም ባይታየውም።

"ብሎኖቹ ተመልሰው ታስረዋል" አለች። "ደሞ ጥብቅ ተደርገው። ኧረ ይኼን ይዩ! ሌባው ወልውሎታል።"

"ምኑን?"

"የመብራቱን ሽፋን። መኪናው ሁሉ አቧራ ነው፣ እሱ ብቻ ያብረቀርቃል።"

ኢንስፔክተሩ ብዙ ዓይነት ሌባ ያውቃል። የሚያለቅስ ሌባ፣ የሚጸልይ ሌባ፣ የሰረቀበት ቤት እንቅልፍ የጣለው ሌባ። የሚወለውል ግን አዲስ ነው።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው ያደረው። አጥሩ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው በቀላሉ ይዘለዋል።

የጋሽ ኤሊ ሚስት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው።

"ማታ ምን ሰሙ፣ እትዬ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ። እኔ አንዴ ከተኛሁ ሬሳ ነኝ።" ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ነገ ፀሐይ ነው።"

"ማን ነገርዎት?"

"ጉልበቷ!" አሉ ጋሽ ኤሊ ከመኪናው ጎን፣ በኩራት። "ሬዲዮ ይቀጥፋል፣ የሷ ጉልበት ቀጥፎ አያውቅም። ሊጎም ሲል ከማታው ጀምሮ ይነዘንዛታል።"

እትዬ አልሳቁም። ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ መኪናውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሽቦ ነው። ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አምፖል በጠፋ ቁጥር የሚጠራው እሱ፣ አዲስ የሚያስገባው እሱ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተፈታ መብራት እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል።

"ያቺ መኪና እኮ አርጅታለች" አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "መጀመሪያ ምን ሆነች መሰላችሁ? ከፍሬን መርገጫው ጀርባ ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ አለች። እግርህን ስታነሳ መብራቱን የምታጠፋው እሷ ናት። በእርጅና ተፈርፍራ ወለሉ ላይ ፈሰሰች። እና ማንም ሳይረግጥ የፍሬኑ መብራት ሲበራ አደረና ባትሪው ሞተ። ጋሼ ያን ጠዋት ቀሩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ደግሞ የመሬት ሽቦዋ ዛገና ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻ ይበራ ጀመር። ሁለቱንም ሠራሁ። ያ እርጅና ነው፣ ይገባኛል። አምፖል ግን በእርጅና አይጠፋም! አምፖል እግር አለው እንዴ?"

"ሥራ የሚያገኘው ግን አንተ ነህ" አለች ኮንስታብሏ። "ትናንት ማታ የት ነበርክ?"

ሽቦ ጥርሱን አወጣ። "እናንተ ጋ።"

"የት እኛ ጋ?"

"ጣቢያ! የእናንተ ፒካፕ አልነሳ ብሎ ተረኛው አስጠራኝ። ኮፈኑ ውስጥ እንደተዘፈዘፍኩ ነጋብኝ። ሻይም ጋብዞኛል። ስኳር ግን ይወዳል፣ ንገሩት።"

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ይቺን ጥርጣሬ ይዞ ፍርድ ቤት ባለመሄዱ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ሽቦ ግን ከመሳቢያው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ባለፈው ጊዜ አዲሶቹን ሳስገባ አምፖሉ ቤት ውስጥ ያገኘሁት ነው። ባለሙያ በባዶ እጁ ነው ተጭኖ የሚያዞረው። ይኼኛው በጨርቅ ይዞ ነው ያወጣው። እንቁላል እንደሚይዝ ሰው።"

ወረቀቱ ላይ ያለው ትንሽ ቢጫ የሱፍ ክር ነው። ኢንስፔክተሩ ኪሱ ከተተው፣ መነጽሩ አጠገብ።

*

በማግስቱ፣ የእትዬ ጉልበት እንዳለው፣ ፀሐይ ወጣች። አምፖልም አልጠፋም።

ኮንስታብሏ ነገሩን ያገናኘችው ምሳ እየበላች ነው። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ኢንስፔክተር፣ ሦስቱም ቀን ጉም ነበር። አንድም ፀሐያማ ጠዋት የለም። ሌባው ጉም ይወዳል።"

ኢንስፔክተሩ መብላቱን አቆመ። ሳቁ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋ። ጉም ውስጥ የፍሬን መብራት ማለት ነፍስ ነው። ጉም እየጠበቀ መብራት የሚያወልቅ ሰው አምፖል ፈልጎ አይደለም።

"ሽማግሌው ልክ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። "ሊገድላቸው የሚፈልግ አለ። ጡሩምባን አምጪልኝ።"

ጡሩምባን ማምጣት አላስፈለገም፤ ከሩቅ ይሰማል። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኙት፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ። ቀጭን፣ ፀጉሩን አቁሞ የተቆረጠ፣ ማንንም የማይፈራ ዓይነት።

"ጋሽ ኤሊን ለምን ትከተላለህ?" አለው ኢንስፔክተሩ።

"መንገዱ የመንግሥት ነው።"

"ክላክስስ ለምን ትነፋባቸዋለህ?"

"ክላክሱ የባለቤቱ ነው።"

"ልጆቻቸውን ልትቀማ ነው አይደል? በጉም ቀን አምፖላቸው ቢጠፋ የሚጠቀመው ማነው?"

ይቺ ነካችው። ጡሩምባ እጁን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ፊቱ ተለወጠ። "እኔ የሳቸውን ልጆች አልፈልግም። ወላጆቹ መጥተው ለምነውኝ እምቢ ብያለሁ። ይጠይቋቸው!"

"እና ለምን ትከተላቸዋለህ?"

"አልናገርም።"

"ልትታሰር ትችላለህ።"

"ልታሰር።" ሞተሩን አስነሳ፣ ከዚያ መልሶ አጠፋው። "ሰፈሩ ውስጥ መንዳት ያስተማሩኝ ማን ይመስልዎታል? እኔ አፌን ከፍቼ እሳቸውን አላዋርድም። ነገ ካፊያ አይጠፋም። ከአጠገባቸው ይቀመጡና ራስዎ ይዩ።"

*

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጀመረ። ልጆቹ ቤታቸው ገብተዋል፣ ሚኒቫኑ ባዶ ነው። ኢንስፔክተሩ ጋሽ ኤሊ አጠገብ ተቀመጠ። የሽቦ አዲስ አምፖሎች ከኋላ አሉ፣ ሁሉም ደህና ነው። ስፖኪዮው ውስጥ ጡሩምባ ይታያል፣ አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጨ።

ጋሽ ኤሊ አነዳዳቸው ያምራል። የትኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ እጃቸው ይዘጋጃል። ኢንስፔክተሩ ሊዝናና ጀመረ።

ጡጥ!

ጋሽ ኤሊ ፍሬን ያዙ። "አየኸው? አየኸው አይደል? እንዲህ ነው የሚያደርገኝ! ምን በድዬው ነው?"

ኢንስፔክተሩ ግን ወደፊት ነበር የሚያየው። አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ተሸክሞ ከመኪናው አፍንጫ ፊት እያለፈ ነው። ሰውዬው እጁን አንስቶ አመሰገነ። ጋሽ ኤሊ ምስጋናውን አልመለሱም። ክላክሱን በመርገም ተጠምደዋል፣ መሰላሉ ካለፈ በኋላም ቆመው ይራገማሉ።

የኢንስፔክተሩ እጅ የበሩን እጀታ ጨብጧል። መቼ እንደጨበጠው አያውቅም።

ትንሽ ሄደው፣ ጡጥ ጡጥ!

"ሁለቴ ሲያደርግብኝማ ደሜ ነው የሚፈላው!" አሉና እንደ መሸሽ ብለው ወደ ግራ ያዙ። በቀኝ በኩል ጎማው የወለቀ ጋሪ ቆሞ ነበር።

ክላክሱ ስድብ እንዳልሆነ ኢንስፔክተሩ ገባው፤ ጡሩምባ ከኋላ ሆኖ ያይላቸዋል። መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ማስታወቂያ አለ፤ ፊደሉ ሰው ያክላል፣ ያለ መነጽር እንኳ ይነበባል። "ጋሼ፣ ያ ማስታወቂያ ምን ይላል?"

"አንተ አንብበው እስቲ፣ እኔ እየነዳሁ ነው።"

ይቺን አባባል ያውቃታል። ምን ያውቃታል፣ የራሱ ናት! የራሱን ውሸት ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። የጉሙም ነገር ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ተገለበጠ። ጉም እየጠበቀ መብራት የሚያወልቅ ሰው ሽማግሌውን ጉም ውስጥ ሊገድላቸው ሳይሆን፣ ጉም ውስጥ እንዳይገቡ ፈልጎ ቢሆንስ? አምፖሉ ሲጠፋ ጋሽ ኤሊ ምን አደረጉ? ቤታቸው ዋሉ።

ሁልጊዜ፣ ሦስቱንም ጊዜ፣ ቤታቸው ዋሉ።

*

ጋሽ ኤሊ ውጪ መኪናቸውን ሲያጥቡ ኢንስፔክተሩ ወደ በረንዳው ወጣ። እትዬ ጉልበታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?"

"ተወኝ፣ ልጄ። ሲነዘንዘኝ ነው የዋለው። ነገ ጉም..." አሉና አቆሙ።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ቢጫውን ክር በሁለት ጣቱ ይዞ ሻርፑ ላይ አስቀመጠው። ሻርፑ ቢጫ ነው። ክሩ እናቱን አገኘ፤ ከሷ መለየት አልተቻለም።

እትዬ አልካዱም። ተነሱ፣ እያነከሱ ገብተው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከፈቱት። ውስጡ የሕፃን ካልሲዎች ናቸው፣ ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ያደረጓቸው። በየካልሲው ውስጥ አንድ አንድ አምፖል ተኝቷል።

"ለምን አልጣሏቸውም?"

"ምን አጠፉ? ደህና ናቸው እኮ!"

"ብሎን መፍታት የት ተማሩ?"

"እሱ ሲፈታ ካቻቢቴ ሳቀብል ነው ያረጀሁት።"

"መወልወሉስ?"

"ቆሽሾ እያየሁ ልተወው?" አሉ ተቆጥተው። ቁጣው ግን አልቆየም። "ዓይኑን ሞራ ይዞታል። እናቱንም ይዟት ነበር፣ ሐኪም ገፈፈላት። ሂድ ስለው 'መንጃ ፍቃዴን ሊነጥቁኝ ነው' ይለኛል። አይታይህም ስለው 'ጉሙ ነው' ይለኛል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ 'ፀሐይዋ ናት' ይለኛል። አንድ የጉም ቀን ያቺ ፕላስቲክ ተፈርፍራ ባትሪው ሞቶ ቀረ። ልጆቹን ሌላ ሰው አደረሳቸው፣ እሱ ቤቱ ዋለ። ዓይኔን በሩ ላይ ሳልተክል የዋልኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሰይጣን ሹክ አለኝ።"

ኢንስፔክተሩ አምፖሎቹን አየ። አንድ ነገር አልገባውም። "ግን እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? ከኋላ ቆመው የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እሳቸው ወርደው አያዩም። ቢበራም 'አልበራም' ቢሉ ያልቅ አልነበር?"

እትዬ እንደተሰደበ ሰው ቀና አሉ።

"ልዋሸው?"

እትዬ አንዱን ካልሲ አስተካክለው ወደ ቆርቆሮው መለሱ።

"ልጄ፣ ተጣልተን በማንነጋገርበት ሰሞን እንኳ፣ ምሳውን ሳልቋጥርለት፣ ወጥቼ ከመኪናው ኋላ ቆሜያለሁ። ፊቴን አኩርፌ 'በራ' ብዬዋለሁ። በሌላው ዋሽቼው ይሆናል፤ በዚያች ቃል ግን የለም። አንድ ቀን ከዋሸሁት፣ ሌላ ቀን 'በራ' ስለው በምን አምኖኝ ይነዳል? አወለቅኳቸው፣ ከዚያ 'አልበራም' አልኩት። እውነቴን ነው።"

ኢንስፔክተሩ ከተቀጠረ ጀምሮ ላለመዋሸት የሰረቀ ሰው ገጥሞት አያውቅም።

"ልትነግረው ነው?" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው አንሶ።

"የሚነግራቸውማ እኔ አይደለሁም" አለ።

*

ጠዋቱ ጉም ነው፣ ወተት የደፉበት ይመስላል። ኢንስፔክተሩና ኮንስታብሏ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጡሩምባ የራሱን ተማሪዎች አድርሶ ውጪ ይጠብቃል። ጋሽ ኤሊ መሪው ላይ ወጡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሬን ረገጡ።

"በራ?"

እትዬ ከኋላ ቆመዋል። ቀዩ ብርሃን ቀሚሳቸውን አቅልቶታል።

"በራ!" አሉ። ጋሽ ኤሊ እጃቸውን ወደ ማርሹ ሰደዱ። "ግን አትሂድ።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከተጋቡ ጀምሮ "በራ" ከሚለው ኋላ "ግን" መጥቶ አያውቅም።

እትዬ እያነከሱ ወደ መስኮቱ መጡና ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ጋሽ ኤሊ አላዩትም፣ ዳሰሱት። ጣታቸው ካልሲዎቹ ላይ ሄደ፣ አንዱ ላይ ቆመ። "ይኼ የትልቁ ልጃችን አይደል? ተረከዙን አንቺ የጣፍሽው?" አሉ። ከዚያ ውስጡ ያለውን ጨበጡ። መስታወቱ ለስላሳ ነው።

ሞተሩ ያጉረመርማል።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ደሞ ፖሊስ ጠራሁብሽ!"

"ጠራህብኝ።"

ጋሽ ኤሊ ሊስቁ ነው ወይስ ሊያለቅሱ አልታወቀም፤ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ወጣ። ወደ ኢንስፔክተሩ ፊታቸውን አዞሩ። "ትናንት የበሩን እጀታ ስትጨብጥ ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። ምን አይተህ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ፈርቼ ነው።"

ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው ለአፍታ መዳፋቸው ውስጥ ይዘውት ቆዩ። እትዬ ክንዳቸውን ያዙላቸው።

"ጡሩምባ!" ብለው ጮኹ። "አንተ የተረገምክ፣ ና ግባ!"

ጡሩምባ እየሮጠ ገባ።

"ያንን መኪና ለባለቤቱ ትመልስና ይኼን ትይዛለህ። የኔንም ያንተንም ልጆች በሁለት ዙር እንጭናለን። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ፣ አንተን ማን ይሰማሃል? ክላክስ ያለ ምክንያት ከነፋህ እጅህን ነው የምቆርጠው።" ቁልፉን ሰጡት። "እስከ ሞራው ነው። ዓይኔ ሲገፈፍ እንነጋገራለን።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለ ጡሩምባ። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ!

ኮንስታብሏ ወረቀቱን አወጣች። "ምን ብዬ ልጻፍ?"

"አምጪው" አለ ኢንስፔክተሩ። እጁን ኪሱ ከተተና መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። "የጠፋው ንብረት ተገኝቷል፣ አመልካቹም ማመልከቻቸውን አንስተዋል" ብሎ ራሱ ጻፈ። ኮንስታብሏ አፏን ከፍታ አየችው። "አንዲት ቃል እንዳትናገሪ" አላት።

ጡሩምባ መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬን ረገጠ። "በራ?" ብሎ ጮኸ።

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መልሰው ዘጉት። ጋሽ ኤሊ ከጎናቸው፣ ከመኪናው ኋላ ቆመዋል። እዚያ ቦታ ቆመው አያውቁም። ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ጉሙ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መብራቱ ሽፋን ላይ ለጠፉ።

"ያዘው፣ አትልቀቅ!" አሉ።

ጡሩምባ ፍሬኑን ይዞ ጠበቀ። ሁሉም ጠበቀ። አምፖል ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ቀስ ብሎ የሽማግሌው ፊት ተፈታ።

"በራ!" አሉ።